ሞሪሸስ ስትመዘን

በ1960 መባቻ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ሁለት አውሎ ነፋሶች ሞሪሸስን በተከታታይ መቷት። በጥር የመጣው አሊክስ ይባል ነበር፤ በየካቲት መጨረሻ የመጣው ካሮል ግን እሱን አስረሳው። የሸንኮራ አገዳው ማሳ መሬት ላይ ተነጠፈ። ከእንጨትና ከቆርቆሮ የተሠሩት የድሆች ቤቶች በአሥር ሺዎች ፈራረሱ። ደሴቲቱ ስፋቷ የአዲስ አበባን አራት እጥፍ ቢሆን ነው፤ ከአፍሪካ ጠረፍ ወደ 2,000 ኪሎ ሜትር ርቃ በሕንድ ውቅያኖስ ላይ ተቀምጣለች። ወደ ውጭ ልካ የምታገኘው ገንዘብ ከሞላ ጎደል ሁሉም ከስኳር ነበር። አገዳው ሲወድቅ በምትኩ የምትሸጠው ነገር አልነበራትም።

በዚያው ዓመት የእንግሊዝ ቅኝ አስተዳደር የደሴቲቱን ኢኮኖሚ መርምረው ምክር እንዲሰጡ የጠራቸው ምሁራን ገቡ። መሪያቸው የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ጄምስ ሚድ ነበሩ፤ በዓለም አቀፍ ንግድ ላይ በሠሩት ሥራ በ1977 የኖቤል ሽልማት የተካፈሉት ሚድ ማለት ናቸው። በ1961 የወጣው ሪፖርታቸው ጨለማ ነበር። በዚያው ዓመት በኢኮኖሚክ ጆርናል ላይ ባሳተሙት ጽሑፍም ሞሪሸስን የማልተስ ንድፈ ሐሳብ ማሳያ አደረጓት። መሬቱ አይሰፋም፣ ሕዝቡ ይበዛል፣ ሥራ ፈላጊው ከሥራው ይበልጣል፤ በሰላም የማደግ ዕድሏም የመነመነ ነው አሉ።

ሚድ ያልነበረ ነገር አልጻፉም። በ1940ዎቹ መጨረሻ በዲዲቲ ርጭት ወባ ከጠፋ ወዲህ ሞት ቀንሶ ሕዝቡ በዓመት ወደ 3 በመቶ ያድግ ነበር፤ በዚህ ፍጥነት በሃያ አራት ዓመት ውስጥ እጥፍ ይሆናል። ማዕድን የለም። የአገር ውስጡ ገበያ አንድ መካከለኛ ፋብሪካ እንኳ አያኖርም። ትልልቆቹ የአገዳ እርሻዎችና የስኳር ፋብሪካዎች በጥቂት የፈረንሳይ ዝርያ ባላቸው ቤተሰቦች እጅ ናቸው። አገዳውን የሚቆርጡት ባርነት በ1835 ከቀረ በኋላ በኮንትራት ከሕንድ የመጡ ሠራተኞች ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው። ከማዳጋስካርና ከምሥራቅ አፍሪካ በባርነት የተጋዙት ሰዎች ዘሮች፣ ክሪዮሎቹ፣ በወደቡና በዓሣ አጥማጅ መንደሮች ይኖራሉ። ንግድ ቤቱን በብዛት የያዙት ቻይናውያን ናቸው። ሁሉም በየቤተ እምነቱና በየሰፈሩ ተከፋፍሎ፣ አንዱ ሌላውን በጥርጣሬ ያያል። ዛሬ አንድ አማካሪ ድርጅት የአገሮችን ተወዳዳሪነት የሚለካበትን ቅጽ ይዞ ወደዚያች ደሴት ቢሄድና የገበያ ስፋት፣ ርቀት፣ የተፈጥሮ ሀብት፣ የምርት ስብጥር፣ የፖለቲካ ስጋት እያለ ነጥብ ቢሰጥ ከሚድ የተለየ ውጤት አያገኝም ነበር።

የሆነው ግን ሌላ ነው። ከ1973 እስከ 1999 የሞሪሸስ ኢኮኖሚ በአማካይ በዓመት 5.9 በመቶ አደገ፤ በእነዚያ ዓመታት የአፍሪካ አማካይ የዚህን ግማሽ እንኳ አይሞላም። በግ የማይረባባት የሞቃት ባሕር ደሴት በዓለም ላይ ከታወቁት የሱፍ ሹራብ ላኪዎች አንዷ ሆነች። በ2020 የዓለም ባንክ ከፍተኛ ገቢ ካላቸው አገሮች ምድብ አስገባት፤ ኮቪድ ቱሪዝሙን ዘግቶባት በማግስቱ ዓመት ከምድቡ ብትወጣም።

የሚድ ሪፖርት አሁን ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ታላላቅ ሰዎች እንዴት እንደሚሳሳቱ ለማሳየት ነው። ይህ ለእርሳቸው ፍትሐዊ አይደለም። ሚድ መድኃኒቱንም ጽፈው ነበርና፤ ብዙ እጅ የሚቀጥሩ ፋብሪካዎች ይከፈቱ፣ ወሊድ ይመጠን ብለው ነበር። ሁለቱም ተደረጉ። የቤተሰብ ምጣኔ ማኅበሩም የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንም በየራሳቸው መንገድ እናቶችን አስተማሩ፤ የወሊዱ ቁጥር በፍጥነት ወረደ። ሚድ መመዘን ያልቻሉት አንድ ነገር ነበር። እነዚያ በጥርጣሬ የሚተያዩ ሰዎች ትርፉንም ኪሳራውንም ለመካፈል ይስማሙ ይሆን? ለዚህ በሰንጠረዣቸው ውስጥ ቦታ አልነበረም። ዛሬም በአብዛኞቹ የተወዳዳሪነት መመዘኛዎች ውስጥ ቦታ የለውም። እኔ ግን ከሁሉ ጥያቄ መቅደም ያለበት ይህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ የሞሪሸስ ታሪክም ወደዚያ ይመራኛል።

ስምምነቱ በቀላሉ አልመጣም። በ1967 በተደረገው ምርጫ ነፃነትን የሚቃወሙ ፓርቲዎች 44 በመቶ ድምፅ አገኙ። ከመራጩ ሕዝብ ግማሽ ሊሞላ ጥቂት የቀረው፣ ሂንዱዎቹ ሥልጣን ይዘው ያጠፉናል ብሎ የሰጋ ሰው ነበር ማለት ነው። በጥር 1968 ነፃነት ሊታወጅ ሁለት ወር ሲቀረው በዋና ከተማዋ በፖርት ሉዊ በሙስሊሞችና በክሪዮሎች መካከል ደም ፈሰሰ፤ ጸጥታ ለማስከበር የእንግሊዝ ወታደሮች መጡ። መጋቢት 12 ቀን 1968 ባንዲራው ሲሰቀል ብዙ ክሪዮሎችና የፈረንሳይ ዝርያ ያላቸው ቤተሰቦች ወደ አውስትራሊያ ለመሰደድ ሻንጣቸውን እያሰሩ ነበር።

የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር ሲዉሳጉር ራምጉላም በ1969 ያደረጉት ነገር ከማንኛውም የኢንቨስትመንት ሕግ የበለጠ ዋጋ ነበረው። ነፃነትን ሲቃወም የነበረውን ፓርቲ ወደ ጥምር መንግሥት ጋበዙ። መሪው ጋየታን ዱቫል የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነ። የክሪዮሎቹ ተወካይና የስኳር ባለሀብቶቹ ወዳጅ ከአገዳ ቆራጮቹ ፓርቲ ጋር በአንድ ጠረጴዛ ተቀመጠ። ሕገ መንግሥቱም በዚሁ መንፈስ የተሠራ ነበር፤ ከተመረጡት 62 የምክር ቤት አባላት በተጨማሪ በቂ ወካይ ላላገኙ ማኅበረሰቦች እስከ ስምንት ወንበር እንዲሰጥ ያዛል። አገሪቱ መደበኛ ጦር አላቋቋመችም። ለጦር ሊወጣ የሚችለው ገንዘብ ለትምህርት ቤት፣ ለክሊኒክና መዋጮ ሳይጠየቅበት ለሽማግሌ ሁሉ ለሚከፈለው ጡረታ ተረፈ። ይህን ስጽፍ ሥዕሉን እያሳመርኩ እንዳይመስል፣ ይኸው ጥምር መንግሥት በ1971 የወደብና የትራንስፖርት ሠራተኞች ሥራ ሲያቆሙ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አውጥቶ የተቃዋሚ መሪዎችን አስሯል፤ በ1972 መደረግ የነበረበትንም ምርጫ እስከ 1976 አዘግይቷል።

ወደ ስኳሩ እንምጣ፤ የነገሩ ልብ እዚህ ነውና። በዚያ ዘመን ከቅኝ ግዛት የወጡ ብዙ አገሮች ትልልቅ እርሻዎችን ይወርሱ ነበር። የራምጉላም የሠራተኞች ፓርቲም እንዲሁ ቢያደርግ የሚደነቅ ሰው አልነበረም፤ ባለመሬቶቹ ጥቂት፣ ነጭና ያለ ልክ ሀብታም ነበሩ። መንግሥት ግን መሬቱን ተወላቸው፤ በምላሹም ወደ ውጭ በሚላከው ስኳር ላይ ግብር ጣለ፤ ሸክሙም በአብዛኛው ያረፈው በትልልቆቹ ላይ ነበር። ሠራተኛውን በፈለጉት ጊዜ ማባረርም በሕግ ተከለከለባቸው። ባለሀብቱ ንብረቱን አልተነጠቀም፤ ድሃው ትምህርትና ጡረታ አገኘ፤ ከ1977 ጀምሮ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ያለ ክፍያ ሆነ። ሁለቱም ወገኖች ቅር ብሏቸው ነበር፤ ሁለቱም ግን ጨዋታውን ጥለው አልወጡም።

በ1974 የስኳር ዋጋ በዓለም ገበያ ሰማይ ነካ። በማግስቱ ዓመት የአፍሪካ፣ የካሪቢያንና የፓሲፊክ አገሮች ከአውሮፓ ጋር የሎሜን ስምምነት ሲፈርሙ ሞሪሸስ የጊዜውን ዋጋ ከማሳደድ ይልቅ ትልቅ ኮታ ይዛ ረጅም ዋስትና መረጠች። በየዓመቱ ወደ ግማሽ ሚሊዮን ቶን ስኳር በተወሰነ ዋጋ አውሮፓ እንዲገዛት ተዋዋለች፤ ይህም ለስምምነቱ አገሮች ከተመደበው ሁሉ ከሲሶ በላይ ነበር። ዋጋው ከዚያ በኋላ በአብዛኞቹ ዓመታት ከዓለም ገበያው እጅግ ይበልጥ ነበር። ስጦታ ነው ቢባል ያስኬዳል። ግን ይኸው ስጦታ ለጃማይካም፣ ለጋያናም፣ ለፊጂም ተሰጥቷል። የሞሪሸስን መንገድ የለየው ገንዘቡ የገባበት ቦታ ነው። የስኳር ቤተሰቦቹ መሬታቸው እንደማይወረስ ካመኑ በኋላ ትርፋቸውን ወደ ፓሪስና ወደ ለንደን ማሸሽ ትተው እዚያው ፋብሪካ ከፈቱበት።

የከፈቱትም በ1970 በወጣው የወጪ ንግድ ዞን ሕግ ጥላ ሥር ነው። ሐሳቡን የታይዋንን ልምድ ተመልክተው ካነሱት ሰዎች ግንባር ቀደሙ ኤዱዋር ሊም ፋት የተባሉ የቻይና ዝርያ ያላቸው ሞሪሺያዊ መሐንዲስና የዩኒቨርሲቲ መምህር ነበሩ። ለወጪ ንግድ ብቻ የሚያመርት ፋብሪካ ጥሬ ዕቃና ማሽን ያለ ቀረጥ ያስገባ፣ ለዓመታት ከትርፍ ግብር ነፃ ይሆን፣ ትርፉን በውጭ ምንዛሪ ያወጣ ነበር። ይህ በሌሎች አገሮችም የተለመደ ነው። የሞሪሸሱ ልዩነት አጥር አለመኖሩ ነው። «ዞን» የሚለው ስም በሕጉ ውስጥ ቢኖርም ዞኑ ደሴቲቱ በሙሉ ነበረች። ፋብሪካው ከአገዳ ማሳ ጎን፣ ከመንደር ገበያ አጠገብ፣ ሴቶቹ በእግር ሊደርሱበት በሚችሉበት ስፍራ ይተከል ነበር። ልጅቷ የተወለደችበትን ቤት ሳትለቅ፣ የቤት ኪራይ ሳትከፍል፣ ማታ ከእናቷ ጋር እራት እየበላች የፋብሪካ ሠራተኛ ሆነች። በዚህ ላይ ትንሽ መቆም እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ባለሙያዎች ስለ ሞሪሸስ ሲጽፉ ስለ ግብር እፎይታው ብዙ ገጽ ይሰጣሉ፣ ስለ እራቱ ግን ምንም አይሉም። ዝቅተኛ ደመወዝ የሚያኖረው ሠራተኛው የራሱ ጣሪያ ሲኖረው ነው።

ከውጭ ቀድመው የመጡት የሆንግ ኮንግ ባለሀብቶች ነበሩ። ከ1974 ጀምሮ ሀብታም አገሮች በጨርቃ ጨርቅና በአልባሳት ላይ በየአገሩ ኮታ ስለጣሉ የሆንግ ኮንግ ፋብሪካዎች ድርሻቸው ሞልቶ ነበር፤ ሞሪሸስ ደግሞ በሎሜ ስምምነት ወደ አውሮፓ ያለ ቀረጥ ትገባ ነበር። የደሴቲቱ ቻይናውያን ነጋዴዎችም ቋንቋውንና ሰዎቹን ያውቁ ነበር፤ ሚድ እንደ መከፋፈል የቆጠሩት ልዩነት እዚህ ላይ የንግድ መስመር ሆነ። ከእነርሱ ጎን ለጎን እንደ ፍሎሬአል ኒትዌር ያሉ በስኳር ሀብት የተቋቋሙ አገር በቀል ፋብሪካዎች ሥራውን ተማሩ።

ዋጋውን የከፈሉት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። በሕግ የተወሰነው የሴቶች ዝቅተኛ ደመወዝ ከወንዶቹ ያንስ ነበር። ትርፍ ሰዓት የግዴታ ያህል ነበር፤ ከዞኑ ውጭ ያለውን ሠራተኛ የሚጠብቀው ሕግ ለእነርሱ ላልቶ ነበር። ይህን የሞሪሸስ ተአምር የሚባለውን ሲያወድሱ የሚዘሉት ብዙዎች ናቸው። መዝለል አይገባም። ከእነዚያ ሴቶች ብዙዎቹ ግን ከዚያ በፊት የራሳቸው ገቢ አልነበራቸውም፤ ከዚያ በኋላ ኖራቸው፣ ወሊዱም ይበልጥ ወረደ፣ ሴት ልጆቻቸውም የፋብሪካ ወንበር ላይ ሳይሆን የባንክ ጠረጴዛ ፊት ተቀመጡ።

ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ነገሩ ሁሉ ሊፈርስ ተቃርቦ ነበር። የስኳር ዋጋ ወረደ፣ ነዳጅ ተወደደ፣ መንግሥት ከገቢው በላይ አወጣ። ሩፒዋ በ1979ና በ1981 ሁለት ጊዜ ከውጭ ምንዛሪ አንጻር እንድትረክስ ተደረገ፤ ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት ገባ። ሥራ አጥነት አሻቀበ። በሰኔ 1982 ምርጫ የዋናዋን ደሴት 60 ወንበሮች በሙሉ ተቃዋሚው ጥምረት ወሰደ። ራምጉላም የራሳቸውን ወንበር እንኳ አጡ። አሸናፊዎቹ በሶሻሊስት መፈክር የታወቁ፣ አንዳንዶቹ በ1971ዱ አዋጅ ታስረው የወጡ ሰዎች ነበሩ። ባለሀብቱ ሊበረግግ የሚችለው በእንዲህ ያለው ቀን ነው።

አዲሱ የገንዘብ ሚኒስትር ፖል ቤሮንዤ ከእስር ቤት የወጣ የግራ ታጋይ ነበር። ሥልጣን ሲይዝ ግን የፋብሪካዎቹን ሕግ አልነካም፤ የቁጠባውንም መርሐ ግብር ቀጠለበት። ጥምረቱ በማግስቱ ዓመት ሲሰነጠቅ ጠቅላይ ሚኒስትሩ አኔሩድ ጀግናውት በድጋሚ ምርጫ ጠርተው አሸነፉ፤ ዱቫልን ምክትላቸው አደረጉ፤ የተሸነፉት አዛውንት ራምጉላምም የአገሪቱ ጠቅላይ ገዢ ሆነው በክብር ተሾሙ። ይህን ያየ የሆንግ ኮንግ ነጋዴ ምንም ሰንጠረዥ ማገላበጥ አያስፈልገውም። መንግሥት ተለወጠ፤ ማንም አልተገደለም፤ ፋብሪካው ቀረጥ ሳይጠየቅ ክሩን ማስገባቱን ቀጠለ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከ25,000 ያነሱ የነበሩት የዞኑ ሠራተኞች በአሥር ዓመት ውስጥ ወደ 90,000 ተጠጉ። በ1980ዎቹ አጋማሽ አልባሳትና ሌሎች የፋብሪካ ምርቶች በወጪ ንግድ ገቢ ስኳርን አለፉ። ሥራ አጥ የሞላባት ደሴት በሚቀጥሉት ዓመታት ሠራተኛ ከውጭ ወደ ማስመጣት ደረሰች።

እነዚያ የእድገት ዓመታት ዛሬ በሚወጡት መመዘኛዎች ቢለኩ ምን ይመስሉ ነበር? ኢኮኖሚስቱ ዳኒ ሮድሪክና ሌሎችም እንዳመለከቱት ሞሪሸስ በዚያ ጊዜ የአገር ውስጥ ገበያዋን በከፍተኛ ቀረጥና በፈቃድ የምትጠብቅ፣ ለአገር ውስጥ ፍጆታ የሚያመርቱ ነባር ፋብሪካዎቿን የምትከላከል፣ በመንግሥት የተወሰነ ደመወዝ ያላት አገር ነበረች። ለወጪ ንግዱ አንድ ሕግ፣ ለቀረው ሌላ ሕግ። በንግድ ክፍትነት መለኪያ ዝቅተኛውን ረድፍ ትይዝ ነበር። ነባሮቹን ባለፋብሪካዎችና ሠራተኞቻቸውን በአንድ ቀን ገበያ ላይ ብትጥላቸው ኖሮ ግን የ1969ኙ ስምምነት አብሮ ይወድቅ ነበር። ቀረጡን ቀስ በቀስ ያነሳችው ብዙው ሰው አዲስ ሥራ ካገኘ በኋላ ነው።

በጥቅምት 2019 በወጣው የዓለም ባንክ የንግድ ሥራ ቅለት ደረጃ ሞሪሸስ 13ኛ ሆና ከአፍሪካ አንደኛ ወጣች። ከኢትዮጵያ ጀምሮ ብዙ አገሮች እንዲህ ያለውን ደረጃ እያዩ በስንት ቀን ንግድ ፈቃድ ይወጣል፣ በስንት ፊርማ መብራት ይገባል የሚለውን ማሳጠር ይዘው ነበር። ሥራው በራሱ መልካም ነው፤ ነጋዴን በከንቱ የሚያመላልስ ቢሮ ማንንም አይጠቅምም። ችግሩ ቅደም ተከተሉ ነው። ሞሪሸስ 13ኛ የሆነችው ዞኑ ከታወጀ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሊሞላው ሲል ነው። ደረጃው የስኬቷ ፍሬ ሆኖ ሳለ ሌሎች እንደ ዘር ቆጠሩት። ይህ ደረጃ በወጣ በአራት ወሩ፣ በየካቲት 2020፣ የገንዘብ እጥበትን የሚከታተለው ዓለም አቀፍ ግብረ ኃይል ያችኑ ሞሪሸስን በቁጥጥሯ ድክመት ምክንያት «ግራጫ» በሚባለው ዝርዝር ውስጥ አስገባት፤ ከዝርዝሩ የወጣችው በጥቅምት 2021 ነው። ያን ጊዜ የንግድ ሥራ ቅለት ደረጃው ራሱ አልነበረም። ለቻይና፣ ለሳዑዲ ዓረቢያ፣ ለተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስና ለአዘርባጃን በተሰጡ ነጥቦች ላይ ጉድለት ተገኝቶ የዓለም ባንክ በመስከረም 2021 ዘግቶት ነበር። የሞሪሸስ ስም በዚያ ነገር ውስጥ የለም፤ ሆኖም አገሮች ሚኒስትሮቻቸውን ያሯሯጡበት ቁጥር ምን ያህል ደካማ መሠረት ላይ እንደቆመ ያሳያል።

ሰንጠረዦቹ ያላዩት ሌላም ነገር ነበር። በየካቲት 1999፣ ኢኮኖሚው ያለ ማቋረጥ ባደገበት ዘመን፣ ካያ በሚል ስም የሚታወቀው የክሪዮሎቹ ተወዳጅ ዘፋኝ በፖሊስ ጣቢያ ሞቶ ተገኘ። ደሴቲቱ ለቀናት ነደደች። ከእድገቱ ብዙ ያልደረሳቸው፣ በመንግሥት ሥራም በንግድም ጠርዝ ላይ የቀሩ የባሪያ ዘሮች ቁጣ ነበር። ስምምነቱ ሁሉንም አላቀፈም ነበርና። ስለ ሞሪሸስ ጥሩ ነገር የሚጽፍ ሰው ይህን ገጽ ሊያልፈው አይችልም፤ ደሴቲቱን የሚመዝን ሰውም አማካይ ገቢውን ብቻ አይቶ ሊመለስ አይገባውም ነበር።

ከዚያ ስጦታዎቹ አለቁ። ጥር 1 ቀን 2005 የዓለም የአልባሳት ኮታ ሥርዓት ተሻረ፤ ቻይና በስፋት ገባች። የሆንግ ኮንግ ፋብሪካዎች ማሽኖቻቸውን ነቅለው ሄዱ፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ ሥራ አጡ። በ2006 አውሮፓ የስኳር ዋጋውን በጥቂት ዓመታት ውስጥ በ36 በመቶ ለመቀነስ ወሰነች። ለሠላሳ ዓመት አገሪቱን ያቆሙት ሁለት ምሰሶዎች በአንድ ጊዜ ተነቃነቁ። መልሱ ምን ነበር? አገር በቀሎቹ የልብስ ፋብሪካዎች ቀሩ። ፍሎሬአልን የያዘው ሲየል ቡድን ብዙ እጅ የሚፈልገውን ስፌት ወደ ማዳጋስካርና ወደ እስያ ወስዶ ዲዛይኑንና ሽያጩን ከሞሪሸስ መራ። ከሃያ በላይ የነበሩት የስኳር ፋብሪካዎች ወደ ጥቂት ተጠቃለሉ፤ የአገዳውን ገለባ አቃጥለው ለአገሪቱ መብራት መሸጡን አስፋፉ፣ ጥሬውን ስኳር ደግሞ ራሳቸው አጣርተው መላክ ጀመሩ። መንግሥት ከ2006 ጀምሮ የንግድ ሕጎቹን አቀለለ፣ የዞኑንና የቀረውን ኢኮኖሚ ልዩነት አጠፋ፣ የኩባንያ ግብርን አንድ ወጥ 15 በመቶ አደረገ። ፋብሪካ ሲዘጋ ከሥራ ለሚሰናበቱት የአገዳ ሠራተኞች ደግሞ ጥሬ ገንዘብና ቤት መሥሪያ ቦታ ተሰጣቸው። ባለሀብቱ መሬቱን ከግብርና ወደ ቤትና ወደ ሆቴል ለማዞር ፈቃድ ፈልጎ ነበር፤ ለሠራተኛው ከዚያው መሬት መቁረስ የፈቃዱ ዋጋ ሆነ።

ይህን ሳነብ ሐሳቤ የሚሄደው ወደ ሐዋሳ ነው። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2016 ሲመረቅ 60,000 ሰው እንዲቀጥር ታቅዶ ነበር፤ ሼዶቹም ሆኑ የፍሳሽ ማጣሪያው በአፍሪካ ብርቅ ነበሩ። ፓርኩን የደገፈው ስጦታም የሞሪሸስን ይመስል ነበር፤ በአጎዋ ሕግ ወደ አሜሪካ ያለ ቀረጥ መግባት። ግን ፋብሪካዎቹ በአጥር ውስጥ ነበሩ፤ ከሲዳማና ከዙሪያው ገጠር የመጡት ልጆች ቤት ተከራይተው መኖር ነበረባቸው። በ2019 የወጣ አንድ የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ጥናት መነሻ ደመወዛቸው በወር 26 ዶላር መሆኑን አሳየ። ብዙዎቹ በወራት ውስጥ ሥራውን እየተዉ መሄዳቸው፣ ቀጣሪዎቹም በዚህ ማማረራቸው ለምን እንደሚያስገርም አይገባኝም። ጨርቁና ክሩ በብዛት ከውጭ ይመጣ ነበር፤ ባለፋብሪካዎቹ በአብዛኛው የውጭ ሰዎች ነበሩ። በሰሜኑ ጦርነት ሳቢያ አሜሪካ ከጥር 1 ቀን 2022 ጀምሮ ኢትዮጵያን ከአጎዋ ስታስወጣ፣ ገና ከዚያ ቀደም ብሎ የፓርኩ ግንባር ቀደም ባለሀብት የነበረው የአሜሪካው የልብስ ኩባንያ ፒቪኤች ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታወቀ። ሌሎችም ተከተሉት።

ከዚያ ቀደም ኢትዮጵያ በመጨረሻው የንግድ ሥራ ቅለት ደረጃ 159ኛ ነበረች፤ ቁጥሩን ለማሻሻል በጠቅላይ ሚኒስትሩ ደረጃ ክትትል ይደረግ ነበር። ከሐዋሳው ሼድ ስንት ኢትዮጵያዊ ባለሀብት ሥራውን ተምሮ ወጣ? ፒቪኤች ሲሄድ ማሽኑን ገዝቶ፣ ገዢ ፈልጎ፣ ልጆቹን ይዞ ለመቀጠል የሚችል ማን ነበር? መሬቱ ለፓርኩ የተወሰደበት ገበሬ ከኪራዩ ምን ይደርሰዋል? የስፌት መኪናቸውን ትተው በአውቶቡስ ወደየቀበሌያቸው ለተመለሱት ወጣት ሴቶች ደግሞ እንደ ሞሪሸስ አገዳ ቆራጮች የተቆረሰ ቦታም ይሁን ገንዘብ ማን ማዘጋጀት ነበረበት? እነዚህን የሚጠይቅ አንድ ረድፍ እንኳ በዚያ የ190 አገሮች ሰንጠረዥ ውስጥ አልነበረም።